ማኅበርተኞቹ ዝም ያሉበት ዓርብ

እናቴ ድሬዳዋ ሆና «ጎጃም ሄደሽ ምን አየሽ?» ብላ በስልክ ስትጠይቀኝ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለ መንገዱ ጀመርኩ፣ ስለ ጫማዬ ቀጠልኩ፣ ስለ እማማ አንጓች ስደርስ ዝም አልኩ። «ምነው?» አለችኝ። «ግራ ገብቶኝ ነው የተመለስኩት» አልኳት። «እንግዲያው እንደገባሽ ሳይሆን እንደሆነው ጻፊልኝ» አለች። ስለዚህ ቀን በቀን እጽፋለሁ። ቡሬንም ሆነ ፍኖተ ሰላምን ለማየት ዕድል ለሌላቸው ለሰፈሬ ሰዎች እናቴ ጮክ ብላ እንደምታነብላቸው ስለማውቅ፣ የማያውቁትን እያብራራሁ ለመሄድ እሞክራለሁ።

አስቀድሜ እንዴት እንደሄድኩ ልናገር። ባሕር ዳር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በግቢያችን የበጎ ፈቃደኞች ክበብ አለ። ክበቡን የሚረዳው አንድ ፋውንዴሽን ነው፤ ያቋቋሙት አባታቸው በመርሳት በሽታ ታመው ከቤት ወጥተው የጠፉባቸው እህትና ወንድም ናቸው። ፋውንዴሽኑ የመርሳት በሽታን፣ በተለይም አልዛይመር የሚባለውን፣ ለሚያጠኑ ሐኪሞች ገንዘብ ይሰጣል። በዚህ ዓመት የሚደግፈው ጥናት ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር አረጋውያን ሊመልሱት የሚችሉት የማስታወስ ጥያቄ ማዘጋጀት ነው። በጥያቄው ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ሰው በፋውንዴሽኑ ወጪ ባሕር ዳር ሆስፒታል መጥቶ ሙሉ ምርመራ ይደረግለታል። በደህና ያለፈ ደግሞ ተመስግኖ እቤቱ ይቀራል። ይህን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ግራ መጋባቴ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ሰኞ

መንገዱ ክፍት ነው በተባለበት ሰሞን በጠዋት ተነሳን። ሦስት ነበርን፦ የቡድናችን መሪ ሲስተር ሰብለ፣ ሾፌሩ ጋሽ መኳንንትና እኔ። ሲስተር ሰብለ ነርስ ናት። ገና ስንተዋወቅ «አንቱ አትበይኝ፣ እንዳላረጅ» ስላለችኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ድሬ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተ ነው፣ አንቺ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ጎጃም ግን እንደዚያ እንዳልሆነ ጋሽ መኳንንት ከወዲሁ አስጠነቀቁኝ። «ታላቅሽን አንቺ ብትዪ አይጣሉሽም» አሉኝ፤ «ያዝኑልሻል እንጂ። አሳዳጊ የላትም ይላሉ።»

መራዊን ስናልፍ የቆጋ መስኖ ያጠጣው ማሳ በግራና በቀኝ ታየ፤ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው አረንጓዴ። ድሬዳዋ ወንዝ ማለት አሸዋ ነው፤ ውኃ ሲመጣ ሰው ይሸሻል። እዚህ ውኃው በቦይ ተሰልፎ ተራውን ጠብቆ ወደ ማሳው ይገባል። እንጅባራ ላይ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ከቤት የያዝኩት ስስ ሻሽ ብቻ ነበር። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በልተን፣ እኔ የጋሽ መኳንንትን ጃኬት ለብሼ ቀጠልን።

ቡሬ ልንደርስ ስንል ጎማ ተነፈሰ። መኪናዋን ወደ ዳር ለመግፋት ስወርድ የጫማዬ ሶል ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ የላይኛው ብቻ እግሬ ላይ ተረፈ። ሲስተር ሰብለ ልትስቅ ፈለገችና ተወችው። እንዲያ ሆኜ ቡሬ ገባሁ። በየግቢው፣ በየጣሪያው፣ በመንገዱ ዳር ሳይቀር ቀይ በርበሬ ተሰጥቶ ነበር። ማደሪያችን እስክንደርስ ማስነጠስ አላቆምኩም። የፔንሲዮኑ ባለቤት ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። እግሬን አይተው ገቡና ፕላስቲክ ጫማቸውን ይዘው ወጡ።

«ትሰፋሻለች ግን ታደርስሻለች» አሉኝ።

እኔም ደንግጬ «እግዜር ይስጥሽ» አልኩ። አንቺ ማለቴ ገብቶኝ አፌን ያዝኩ።

ሴትዮዋ ሳቁ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ አንቺ ያለኝ የለም። ተይው፣ ደስ ብሎኛል» አሉ። ጫማውን ስመለስ ላስረክብ ብል «ሌላ እግሩ ባዶ የሆነ ሰው ታገኚ የለ» ብለው እምቢ አሉ። ድሬ ቢሆን ቢያንስ ስምና ሰፈር እንጠያየቅ ነበር።

ማክሰኞ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም መንገዱ ዝቅ እያለ፣ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። ከተማው ስንገባ የማንጎ ዛፍ ሳይ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ግማሹን ቀን አንድ ቢሮ በር ላይ አሳለፍን። ፈቃድ የሚሰጡን ሰው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው አልቆ ሲመጡ ምሳ ደረሰ፤ ከምሳ ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ነበራቸው። በመጨረሻ ራሳቸው ወጥተው «አላየኋችሁም እኮ» አሉን። ያን ሁሉ ሰዓት በፊታችን ሲያልፉ ነበር። ፈቃዱን ግን ፈረሙልን።

ይታይሽን ያገኘናት እዚያው በር ላይ ነው። ወደ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት የገበሬ ልጅ ናት። ቀበሌያቸው ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ነው። ስለ መርሳት የሚጠይቁ ሰዎች መጥተዋል መባሉን ሰምታ፣ መጀመሪያ በእግር፣ ቀጥላ በባጃጅ መጥታለች።

«እናቴን እዩልኝ» አለች። «በቀደም አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከቤት ወጣች። ስንፈልግ ስንፈልግ ወንዝ ዳር ተቀምጣ አገኘናት። የአባቴ ቤት ሠርግ አለ፣ ተሻግሬ ልሂድ አለችን። አያቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ።»

ሲስተር ሰብለ አንገታቸው ላይ እብጠት ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እንቅርት? እሱማ እኛ አገር የሌለባት ማን አለች?»

ሲስተር ሰብለ ወደ እኔ ዞር ብላ አስረዳችኝ፤ ይታይሽም እንድትሰማ ይመስለኛል። የሚረሳ ሰው ሁሉ አልዛይመር አለበት ማለት አይደለም። እንቅርት ያለበት ዕጢ ሥራውን ሲያዳክም፣ ወይም አንዳንድ ቫይታሚን ከሰውነት ሲጎድል ሰው ይረሳል፤ ያ በክኒንና በመርፌ ሊሻሻል ይችላል። አልዛይመር ከሆነ ግን እስካሁን የሚያድነው መድኃኒት የለም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የሆስፒታሉ ምርመራ ነው።

ይታይሽ ይህን ስትሰማ የሲስተርን እጅ ያዘች። «አፈር ስሆን ነገ ኑልኝ። ምርመራውን ካገኘች ይበቃኛል። በገዛ አቅማችን ባሕር ዳር ወስደን የምናስመረምርበት የለንም።»

ረቡዕ

ከአስፋልቱ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ መኪናዋ ትንሽ ጅረት ላይ ተያዘች። በቆሎ ሲሸለቅቁ የነበሩ ገበሬዎች ገመድ ይዘው መጡ። ከመጎተታቸው በፊት መኪናዋን ዞረው ተመለከቷትና አንደኛው «በሬ ብትሆን ኖሮ ዘንድሮ እናርዳት ነበር» አለ። ጋሽ መኳንንት አልሳቁም። ካወጡን በኋላ አንከፈልም አሉ። ቤታቸው ገብተን ቆሎ እንድንቀምስ ግን አስገደዱን፤ ስለዚህ ጅረቱ ላይ ተይዘን ከቆየነው ይልቅ ለማመስገን የቆየነው በለጠ።

የይታይሽ እናት እማማ አንጓች በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው ንጹሕ የሆነ ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ እንደ እንቁላል የምታህል እብጠት አለች። አገላብጠው ስመውኝ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከድሬዳዋ መምጣቴን ሰምተው «ሩቅ ነው፣ እኔን» አሉ። ገብቼ ስቀመጥ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። እንደገና ነገርኳቸው፤ እንደገናም አዘኑልኝ።

ሲስተር ሰብለ ለምን እንደመጣን በግልጽ ነገረቻቸው። «እየረሱ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ነገር ልንጠይቅዎ ነው፤ ባይፈልጉ ይቀራል» አለቻቸው። «እርጅና ነዋ» አሉ፤ «መርሳትን የት ትሸሺዋለሽ? ጠይቁኝ።»

ወዲያው ግን ለጥያቄው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የተሰበሰቡ ሌሎች ሽማግሌዎች እየጠበቁ ነው ተብሎ ሲስተር ተጠራች። «አንቺ ጠይቂያቸው፣ ሠልጥነሽ የለ» ብላኝ ሄደች። ሥራውን በትክክል ሠርቼ ላስደስታት ፈልጌ ነበር። መመሪያው የሚጠየቀው ሰው ቤተሰብ እንዳይረዳው ከክፍሉ ይውጣ ይላል። ስለዚህ ይታይሽን ይቅርታ ጠይቄ አስወጣኋት። ከፋት፤ ግን ወጣች።

ወዲያው ጎረቤቶች መግባት ጀመሩ። መጀመሪያ እትዬ ስንዱ ገቡ፤ አጥር ለአጥር የሚኖሩ፣ የቤታቸውን ቁልፍ በማተባቸው ያንጠለጠሉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ቀጥለው የሰፈሩ ቄስ፣ ቄስ አለኸኝ፣ ከዚያም ሌሎች ሁለት ሴቶች መጡ። ከጀርባዬ ካለው መደብ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ላስወጣቸው አስቤ ነበር። ነገር ግን መመሪያው የሚለው ቤተሰብ ነው፤ እነሱ ቤተሰብ አይደሉም። ደግሞስ እንግዳ ሆኜ እንግዳ እንዴት አስወጣለሁ?

መጀመሪያ ሦስት ነገሮች እጠራለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ መልሼ እጠይቃለሁ። «በቅሎ፣ ቁልፍ፣ ሎሚ» አልኳቸው። ቀጥሎ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ሠርተው እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ፤ እሱን ራሳቸው አሳመሩት። ቀኑን ስጠይቃቸው ቄስ አለኸኝ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው «ነገ ሚካኤል ነው፣ ጾሙንም ዛሬ መጾም ነው» አሉ። እማማ አንጓች ፈገግ ብለው «ረቡዕ ነዋ» አሉኝ። ሦስቱን ነገሮች መልሼ ስጠይቅ ግን ዓይናቸው ከእኔ ትከሻ በላይ ሄደ።

«በቅሎ…» አሉ።

ከጀርባዬ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። እትዬ ስንዱ እጃቸው የማያርፍ ሰው ናቸው ብዬ አሰብኩ።

«ቁልፍ» አሉ እማማ አንጓች።

ከዚያ አንደኛዋ ሴት ጉንፋን ስለያዘው ልጇ ማውራት ጀመረች። ምን አድርጌ ልስጠው፣ ማር አለኝ፣ ሌላው ነው የጠፋኝ፣ ያ የሚጨመቀው፣ አለች።

«ሎሚ» አሉ እማማ አንጓች።

ተነስቼ እጃቸውን ሳምኩ። ነጥቡ ሙሉ ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ወጥቼ ለይታይሽ «እንኳን ደስ አለሽ፤ እናትሽ ደህና ናቸው» አልኳት። ይታይሽ ፊቷ ጠቆረ። «ደህና?» አለች። «ደህና ከሆነች ወንዝ ዳር ማን ነበር የተቀመጠው?» ሲስተር ሰብለም ነጥቡን ስታይ ግንባሯን ቋጠረች፤ ግን ቀኑ መሽቶ ነበር። ያደርነው ቄስ አለኸኝ ቤት ነው። ሽሮ በላን። ባለቤታቸው አልጋቸውን ለእኔና ለሲስተር ለቀው፣ እነሱ መደብ ላይ ተኙ። እኛ ቤት እንግዳ አልጋ ላይ የሚተኛው ቤተሰብ ሶፋ ስላለው ነው፤ እዚህ ሶፋ የለም።

ሐሙስ

ሚካኤል። እማማ አንጓች ቤት የጽዋ ማኅበር ነበር። ለድሬ ሰዎች የጽዋ ማኅበር ምን እንደሆነ ልንገር፤ ሰፈራችን ያሉት ክርስቲያኖች ያውቁታል፣ ሌሎቻችሁ ግን ላታውቁት ትችላላችሁ። ጥቂት ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ይሰባሰባሉ። በየወሩ በዚያ ቅዱስ ቀን አንዱ አባል ቤት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጸለያል። ሲያበቃ የማኅበሩን ጽዋ ቀጣዩ ባለ ተራ ይቀበላል፤ በሚቀጥለው ወር የሚያበላው እሱ ነው። እንዲህ እየዞረ ይኖራል።

ዘጠኝ የሚሆኑ ሰዎች ቤቱን ሞሉት። እማማ አንጓች በደስታ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። «ብሉልኝ፣ በሞቴ፣ የኔ ቤት ነው» እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞሩ ነበር። እኔንም «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው አጎረሱኝ። ድሬ እንዲህ ያለ ቅቤ የበዛበት ወጥ በዓመት አንዴ ነው።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ እትዬ ስንዱ ከአጥሩ ማዶ ሆነው የጠላ እንስራ በአጥሩ ላይ ሲያሻግሩ፣ ይታይሽ ከወዲህ ስትቀበል አየሁ። አጠገባቸው በነጠላ የተሸፈነ መሶብና ሁለት ድስት ነበር።

«ይሄ የማን ነው?» አልኩ።

«የባለ ተራዋ» አለች ይታይሽ።

«ባለ ተራዋ እናትሽ አይደሉም?»

እትዬ ስንዱ አጥሩን ዞረው መጡና ሳቁብኝ። «ዓመት ሙሉ ባለ ተራ የሆነች ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። አምና እማማ አንጓች በወራቸው አበሉ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ቤት ሲበላ፣ ጽዋው ሊሰጥ ሲል ተነስተው «ተራው የኔ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ግራ ገባቸው፤ ቀጥለው አፈሩ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። በሌላው ወርም እንዲሁ። ያኔ ቄስ አለኸኝ «ስጧት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ከዚህ ቤት አልወጣም። ባለ ተራው በቤቱ ያዘጋጃል፣ በጓሮ ያስገባል፤ እማማ አንጓች ያበላሉ።

«እሳቸው አያውቁም?» አልኩ።

«አበላሁ ነው የምትለው። እኛም እንበላለን» አሉ እትዬ ስንዱ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ትናንትም በእንግዳ ፊት አላሳፈርናትም። ሦስቱንም አሳለፍናት፣ አይደል?»

የሚካኤል ጾሙ፣ ቁልፉ፣ ጉንፋን የያዘው ልጅ፤ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። ይታይሽን አየኋት። እሷም የጥያቄውን ነገር አሁን ነው የሰማችው። እንስራውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቁጭ አለች።

ሲስተር ሰብለን ፈልጌ ነገርኳት። እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር።

«ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«ቤተሰብ አልነበረም።»

«ጎረቤትስ?»

«ጎረቤት… ጎረቤት ነበር።»

«ጥያቄውን ያዘጋጁት ሰዎች ጎረቤት እንዲህ ያደርጋል ብለው አላሰቡም» አለች። «እኔም አላሰብኩም። ሌላ ሦስት ነገሮች ያሉት ጥያቄ አለ። ነገ እኔ እጠይቃቸዋለሁ፤ ግን ሰው መራቅ አለበት።»

ሰው ከተበተነ በኋላ ቄስ አለኸኝንና እትዬ ስንዱን ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ዋርካ ሥር አገኘናቸው። ይታይሽም መጣች።

«እስቲ ይግባኝ» አሉ ቄሱ። «አንጓች ምርመራ የምታገኘው ጥያቄው ሲያቅታት ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«እኛ ደግሞ እንዳያቅታት ነው ዓመት ሙሉ የለፋነው።»

«እንድትወድቅ ቁጭ ብለን እንይ ነው የምትሉት?» አሉ እትዬ ስንዱ ለሲስተር። «ሆስፒታል ሄዳ ያ የማይድነው ነው ብትሏት ምን ትጨምሩላታላችሁ? መርሳቷን እንደሆን እኛም እናውቃለን።»

«የሚድነው ከሆነስ?» አለች ሲስተር ሰብለ። «ከእንቅርቱ ከሆነና ሳናየው ከቀረስ?»

እኔ እትዬ ስንዱ ሲናገሩ ልክ ናቸው እላለሁ፣ ሲስተር ስትናገር ልክ ናት እላለሁ። ትምህርት ቤት ትክክለኛው መልስ አንድ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም፤ ቄስ አለኸኝ «አንቺም ጠፋብሽ እንዴ?» አሉኝ።

ነገሩን የቆረጠችው ይታይሽ ናት። «እናንተ የምታዩአት በሚካኤል ቀን ነው» አለች ለእትዬ ስንዱ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «የቀረውን ቀን እኔ ነኝ። ልጄን ማን ናት ትለኛለች። እሳት ላይ ድስት ጥላ ትወጣለች። እኔ በሩን ቆልፌባት ውኃ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ስትደበድበው አገኛታለሁ። እናንተ ስትመጡ ትስቃለች። ስትሄዱ እኔን ሌባ ትለኛለች። ካላወቅሁት አልችለውም፣ እትዬ ስንዱ።»

«ሌባ ትልሻለች?» አሉ እትዬ ስንዱ ቀስ ብለው። «ይሄን አልነገርሽንም።»

«ብነግራችሁ ማኅበሩን ከቤቷ ታወጡባታላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ዓርብ

ጠዋት ሲስተር ሰብለ እንደገና በግልጽ ነገረቻቸው፤ ከትናንት በስቲያ የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ ነበር። እማማ አንጓችም እንደ አዲስ ሰምተው እንደ አዲስ እሺ አሉ። ሁለቱ ቤት ገቡ። የእኔ ሥራ ሰው እንዳይገባ በሩ አጠገብ መቀመጥ ነበር።

ማኅበርተኞቹ ግን መጡ። ማንም አልጠራቸውም። እትዬ ስንዱ፣ ቄስ አለኸኝ፣ የጉንፋኑ ልጅ እናት፣ ሌሎችም። ራቅ ብሎ በወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ግድግዳ ድምፅ አይዝም፤ የሲስተር ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። «አካፋ፣ ማር፣ ጥጥ» ስትል ሰማን። የሁሉም ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቃሎቹን ይይዙላቸው ነበር።

ቀኑን ጠየቀቻቸው። «የሠርጉ ቀን ነው» አሉ እማማ አንጓች። ግንዱ ላይ ማንም አልተነቃነቀም። ቄስ አለኸኝ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። «ቅድም የነገርኩዎት ሦስት ነገሮች ምን ምን ነበሩ?»

ቤቱ ዝም አለ። ውጭው ዝም አለ። የሚሰማው ከሩቅ የበሬ ደወል ብቻ ነበር። እትዬ ስንዱ ከተቀመጡበት ተነሱ። እኔም አብሬ ተነሳሁ፤ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም፤ ሴትዮዋ ቢራመዱ የማቆማቸው አይመስለኝም ነበር። አልተራመዱም። ነጠላቸውን ሰብስበው ጫፉን አፋቸው ውስጥ ከተቱና ቆሙ። ይታይሽ ከበስተጀርባቸው መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። ከውስጥ የእማማ አንጓች ድምፅ መጣ፦ «ነግረሽኛል እንዴ?»

ጥቂት ቆይተው ሁለቱ ወጡ። ሲስተር ሰብለ ለይታይሽ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ምርመራው ተፈቀደ ማለት ነው። ይታይሽ አለቀሰች። ደስታ ይሁን ሌላ ነገር፣ ብጠየቅ መመለስ አልችልም።

እማማ አንጓች ግን ወደ ማኅበርተኞቹ ሄዱ። እያንዳንዱን ፊት ተራ በተራ አዩ።

«ምነው ዛሬ ዝም አላችሁኝ?» አሉ።

አውቀው ነበር ማለት ነው? ወይስ ከዓይናቸው ፊት ስላጧቸው ብቻ ነው? ሲስተርን ጠየቅኳት፤ እሷም አላወቀችም።

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ጉሮሮዬን አሞኝ» አሉ።

«እንግዲያው ትኩስ ነገር ጠጪበት፣ የኔ እመቤት» አሉ እማማ አንጓች። እጃቸውንም የእትዬ ስንዱ ጉሮሮ ላይ አኖሩ።

ቀትር ላይ መኪናዋ ተነሳች። ፋውንዴሽኑ የሚችለው አንድ አስታማሚ ነው፤ እሷም ይታይሽ ናት። እትዬ ስንዱ ግን ጓዛቸውን በነጠላ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀምጠው ነበር።

«የተፈቀደው አንድ አስታማሚ ነው፣ እትዬ» አለች ሲስተር።

«አስታማሚ መቼ ሆንኩ? ማኅበርተኛ ነኝ» አሉ።

ጋሽ መኳንንት ቦታ እንዲገኝ ትርፍ ጎማውን ከኋላ አንስተው ጣሪያው ላይ ጫኑት። እኔ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አደረግኩ። በመንገዱ ሁሉ እማማ አንጓች ወዴት እንደምንሄድ ይጠይቃሉ፤ እትዬ ስንዱም ያለ መሰልቸት ይመልሳሉ። ቡሬ ላይ «ሐኪም ቤት»፣ እንጅባራ ላይ «ሐኪም ቤት»፣ መራዊ ላይ «ሐኪም ቤት»። እንጅባራ ላይ ድንች ገዝተን በላን። እማማ አንጓች ልጣጩን እየላጡ ለሁላችንም ያድሉ ነበር፤ ያበላን የእሳቸው ቤት ይመስል።

ቅዳሜ

ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል። ደም ወስደዋል፤ ይህን ስጽፍ ውጤቱ አልደረሰም። የሚድነው ይሁን ሌላው ገና አናውቅም። እናቴ ስታነብ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልመልስልሽ አልቻልኩም፣ እሜ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑትም ነው። ሁላችንም አብረን ገባን። እማማ አንጓችን በአክብሮት አስቀመጣቸውና «እማማ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አላቸው።

እማማ አንጓች ወደ እትዬ ስንዱ ዞሩ። እትዬ ስንዱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ተነስተው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው በቀስታ ዘጉት።

ተከትያቸው ወጣሁ። ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሩን ያያሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ቅዳሜ መሆኑን ትነግረው ይሆን?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እንዲነግሩት ነው ወይስ እንዳይነግሩት ነው የሚፈልጉት?» አልኳቸው።

«እሱን እኮ ነው ያላወቅሁት» አሉ።